ዳግም ርቢ፣ ዳግም ዘርና አርቢ

ዳግም ርቢ (ስኩዌር) አንድ ቁጥር በራሱ ሲባዛ የሚገኘው ውጤት ነው። ዳግም ዘር (ስኩዌር ሩት) የዚህ ግልባጭ ስሌት ሲሆን፣ «በራሱ ተባዝቶ ይህን ቁጥር የሚሰጠው የትኛው ቁጥር ነው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ይሰጣል። አርቢ ደግሞ አንድ ቁጥር በማባዛቱ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚገባ የሚያመለክት፣ ከቁጥሩ በስተቀኝ ከፍ ብሎ የሚጻፍ ትንሽ ቁጥር ነው። ለምሳሌ 5² = 5 × 5 = 25፤ √25 = 5፤ 5³ = 5 × 5 × 5 = 125 ነው።

በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ዳግም ርቢና ዳግም ዘር ከሣልስ ርቢና ከሣልስ ዘር ጋር በ8ኛ ክፍል፣ የአርቢ ሕጎች በስፋት በ9ኛ ክፍል ይሰጣሉ። ከክፍል ውጭ ስሌቶቹ በብዛት የሚያስፈልጉት መሬት በሚለካበት ቦታ ነው። ገመድ የሚለካው ርዝመትን ነው፤ መሬት የሚመዘገበው ግን በስፋት ነው። ከርዝመት ወደ ስፋት የሚወስደው ዳግም ርቢ፣ ከስፋት ወደ ርዝመት የሚመልሰው ዳግም ዘር ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ምሳሌዎች በብዛት የተወሰዱት በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በሚዛን ተፈሪና በቴፒ ዙሪያ ካለው የቡና ምድር ነው።

ስያሜ

«ርቢ» እና «አርቢ» የሚሉት ቃላት ከመርባት፣ ማለትም ከመብዛት የመጡ ናቸው። ከብት አርቢ ከብቱን እንደሚያበዛ ሁሉ፣ በሒሳብም አርቢው መሠረቱን ያበዛል። በ5³ ውስጥ 5 መሠረት፣ 3 አርቢ፣ ውጤቱ 125 ርቢ ይባላል። አርቢው 2 ሲሆን ዳግም ርቢ፣ 3 ሲሆን ሣልስ ርቢ (ኩብ) ይሆናል። «ዘር» ርቢው የተገኘበትን መነሻ ያመለክታል፤ በዐረብኛና በላቲንም ለዚሁ ስሌት የሚያገለግለው ቃል የዕፅዋት ሥር ማለት ነው።

በዕለት ተዕለት ንግግር «ካሬ» የሚለው ከፈረንሳይኛ የመጣ ቃል ሁለት ነገሮችን ይወክላል፤ አራት ጎኖቹ እኩል የሆኑ ምስልና የስፋት መለኪያ። «200 ካሬ ቦታ» ሲባል 200 ካሬ ሜትር ማለት ነው፤ ጎኑ 200 ሜትር የሆነ ቦታ ማለት አይደለም። ጎኑ 200 ሜትር የሆነ ካሬ ስፋቱ 200² = 40,000 ካሬ ሜትር፣ ማለትም 4 ሄክታር ነው።

ዳግም ርቢና ስፋት

የካሬ ስፋት የጎኑ ዳግም ርቢ ነው። ጎኑ 100 ሜትር የሆነ ካሬ ስፋቱ 100² = 10,000 ካሬ ሜትር ሲሆን፣ ይህ መጠን አንድ ሄክታር ይባላል።

ቡና በመደዳ ሲተከል በእግሮቹ መካከል የሚተወው ርቀት ብዙ ጊዜ 2 ሜትር በ2 ሜትር ነው። በ100 ሜትር ጎን ላይ 50 ረድፍ ይወጣል፤ በእያንዳንዱ ረድፍ ላይም 50 ችግኝ ይተከላል። ስለዚህ በሄክታር 50² = 2,500 እግር ቡና ይገባል። በዚህ አቆጣጠር ከማሳው ዳር አንድ ሜትር ተትቶ ይጀመራል። የመጀመሪያው ችግኝ በራሱ በጠርዙ ላይ ከተተከለ ግን ረድፎቹ 51 ይሆኑና ቁጥሩ 51² = 2,601 ይደርሳል።

ከ50² ወደ 51² ለመድረስ እንደገና ማባዛት አያስፈልግም። በ50 በ50 ካሬ ላይ በአንድ ጎን 50፣ በሌላው ጎን 50፣ በማዕዘኑ ላይ 1 ችግኝ ይጨመራል፦ 2,500 + 50 + 50 + 1 = 2,601። ይህ ለማንኛውም ቁጥር ይሠራል። ቀጣዩን ዳግም ርቢ ለማግኘት በያዝነው ዳግም ርቢ ላይ የቁጥሩን እጥፍና 1 መጨመር ነው። 30² = 900 መሆኑን የሚያውቅ ተማሪ 31² = 900 + 60 + 1 = 961 መሆኑን በቃሉ ያገኛል።

ጎን ሲያድግ ስፋት ከጎኑ ፈጥኖ ያድጋል። ጎኑ 2 እጥፍ ሲሆን ስፋቱ 4 እጥፍ፣ ጎኑ 3 እጥፍ ሲሆን ስፋቱ 9 እጥፍ ይሆናል። በተቃራኒው በችግኞች መካከል ያለው ርቀት ከ2 ሜትር ወደ 1 ሜትር ዝቅ ቢል የሚያስፈልገው ችግኝ 5,000 ሳይሆን 100² = 10,000 ይሆናል። ችግኝ የሚያዝ ገበሬ ይህን ካላሰበ ግማሽ ማሳው ችግኝ ሳያገኝ ይቀራል።

በጫካ ቡና ውስጥ እግሮቹ በመደዳ ስላልቆሙ በረድፍ መቁጠር አይቻልም። በእንዲህ ዓይነት ቦታ ጎኑ 20 ሜትር የሆነ የናሙና ካሬ ተከልሎ በውስጡ ያለው ይቆጠራል፤ ይህ መጠን በኢትዮጵያ የደን ጥናቶች የተለመደ ነው። 100 ÷ 20 = 5 ስለሆነ በአንድ ሄክታር ውስጥ 5² = 25 ናሙና ካሬዎች ይገባሉ። የብዙ ናሙናዎች አማካይ በ25 ሲባዛ የሄክታሩ ግምት ይገኛል።

ዳግም ዘር

ሩብ ሄክታር መሬት በካሬ ቅርጽ ለመከለል ጎኑ ስንት ሜትር ይሁን? ብዙ ተማሪ 100ን ለ4 አካፍሎ 25 ሜትር ይላል። ነገር ግን 25² = 625 ካሬ ሜትር ነው፤ ይህም ከሩብ ሄክታር ሩቡ ብቻ ነው። ሩብ ሄክታር 2,500 ካሬ ሜትር ስለሆነ ትክክለኛው ጎን √2,500 = 50 ሜትር ነው። በስፋት ላይ ያለ ሩብ በጎን ላይ ግማሽ ይሆናል።

በዚሁ መንገድ አንዳንድ የታወቁ የመሬት መጠኖች በካሬ ቅርጽ ቢከለሉ የሚኖራቸው ጎን የሚከተለው ነው።

– ግማሽ ሄክታር (5,000 ካሬ ሜትር)፦ ወደ 70.7 ሜትር
– 1 ሄክታር፦ 100 ሜትር
– 10 ሄክታር፦ ወደ 316 ሜትር። በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ለአንድ ቤተሰብ የፈቀደው ከፍተኛ መጠን ይህ ነበር።
– 1 ጋሻ (በተለምዶ 40 ሄክታር የሚባለው)፦ ወደ 632 ሜትር
– 10,000 ሄክታር፦ 10 ኪሎ ሜትር። በቤንች ሸኮ ዞን የሚገኘው የበበቃ ቡና እርሻ ይዞታ ወደዚህ መጠን ይጠጋል።

ዳግም ዘር የተከላ ርቀትን ለማግኘትም ያገለግላል። በሄክታር ሊተከል የታሰበው የቡና ብዛት ከታወቀ፣ 100 ለብዛቱ ዳግም ዘር ሲካፈል ርቀቱ ይገኛል። ለ1,600 እግር 100 ÷ √1,600 = 100 ÷ 40 = 2.5 ሜትር፤ ለ3,300 እግር ደግሞ 100 ÷ 57.4፣ ማለትም ወደ 1.74 ሜትር ነው።

አወንታዊ ቁጥር ሁሉ ሁለት ዳግም ዘሮች አሉት፤ 5 × 5 = 25 እንደሆነ ሁሉ (−5) × (−5) = 25 ነው። የ√ ምልክት ግን የሚወክለው አወንታዊውን ብቻ ነው፤ ርዝመትም አሉታዊ ስለማይሆን በልኬት ሥራ የሚፈለገው ይኸው ነው። ማንኛውም ነባራዊ ቁጥር በራሱ ሲባዛ አሉታዊ ስለማይሆን √−25 በነባራዊ ቁጥሮች ውስጥ መልስ የለውም።

ዳግም ዘርን የማግኛ ዘዴዎች

በመዘርዘር፦ ቁጥሩ ወደ ብቸኛ ቁጥሮች ብዜት ይዘረዘርና ተመሳሳዮቹ ጥንድ ጥንድ ይደረጋሉ፤ ከየጥንዱ አንድ አንድ ይወሰዳል። 1,764 = 2 × 2 × 3 × 3 × 7 × 7 ስለሆነ √1,764 = 2 × 3 × 7 = 42 ነው። ጥንድ ያጣ ቁጥር ካለ የተሰጠው ቁጥር ሙሉ ዳግም ርቢ አይደለም።

በመገመትና በማካፈል፦ ለ√5,000 በመጀመሪያ 70 ይገመታል፤ ምክንያቱም 70² = 4,900 ለ5,000 ቅርብ ነው። 5,000 ÷ 70 ወደ 71.43 ይሆናል። ትክክለኛው መልስ በ70 እና በ71.43 መካከል ስለሚገኝ አማካያቸው ይወሰዳል፦ (70 + 71.43) ÷ 2፣ ወደ 70.71። ይህን ውጤት በራሱ ብናባዛው 4,999.9 እናገኛለን። የበለጠ ጥራት ከተፈለገ 70.71 እንደ አዲስ ግምት ተወስዶ ሥራው ይደገማል። ዘዴው ካልኩሌተር በሌለበት ፈተና ላይ ይጠቅማል።

እንደ √2፣ √3 እና √5,000 ያሉት ቁጥሮች በክፍልፋይ በትክክል ሊጻፉ አይችሉም፤ አሥርዮሻቸውም ሳይደጋገም ያለ ማለቂያ ይቀጥላል። እነዚህ ኢ-ንብብር ቁጥሮች ይባላሉ። ለሥራ ግን ሁለት ወይም ሦስት የአሥርዮሽ ቤት ይበቃል።

በፓይታጎረስ ቲዎረም

በማዕዘናዊ ሦስት ማዕዘን ውስጥ የሁለቱ አጫጭር ጎኖች ዳግም ርቢ ድምር ከረጅሙ ጎን ዳግም ርቢ ጋር እኩል ነው። 3² + 4² = 9 + 16 = 25 = 5² ስለሆነ በገመድ ላይ 3፣ 4 እና 5 ሜትር ተለክቶ በሦስት ችካል ሲወጠር በ3ና በ4 መካከል ያለው ማዕዘን ቀጥ ያለ ይሆናል። የቤት መሠረትም ሆነ የመጀመሪያው የቡና ረድፍ ያለ ውድ መሣሪያ በዚህ መንገድ ሊቀና ይችላል።

ስሌቱ በካርታም ላይ ይሠራል። ቴፒ ከሚዛን ተፈሪ ወደ ሰሜን 22 ኪሎ ሜትር፣ ወደ ምዕራብ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ቀጥታ ርቀቱ √(22² + 15²) = √709፣ ማለትም ወደ 27 ኪሎ ሜትር ነው። የመኪናው መንገድ በተራራማው ምድር ስለሚጠማዘዝ ከዚህ በብዙ ይረዝማል።

ሣልስ ርቢና ይዘት

ሣልስ ርቢ የይዘት ስሌት ነው። በሦስቱም አቅጣጫ 60 ሳንቲ ሜትር የሆነ የቡና መትከያ ጉድጓድ 0.6³ = 0.216 ሜትር ኩብ አፈር ይወጣዋል። 40 ሳንቲ ሜትር የሆነው ግን 0.4³ = 0.064 ሜትር ኩብ ብቻ ነው። ጎኑ በአንድ ተኩል እጥፍ ሲበልጥ አፈሩ በ1.5³ = 3.375 እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ ክፍያው በጉድጓድ ብዛት በሚታሰብበት ሥራ፣ ለ40 ሳንቲ ሜትር የተስማማ ቆፋሪ በዚያው ዋጋ 60 ሳንቲ ሜትር ቆፍር ቢባል ከሦስት እጥፍ በላይ አፈር ያወጣል። በሄክታር 2,500 ጉድጓድ ሲታሰብ ልዩነቱ 160 ሜትር ኩብና 540 ሜትር ኩብ ይሆናል።

የሣልስ ርቢ ግልባጭ ሣልስ ዘር (∛) ነው፤ ∛125 = 5። ከዳግም ዘር በተለየ ሣልስ ዘር ለአሉታዊ ቁጥርም አለ፦ (−2)³ = −8 ስለሆነ ∛−8 = −2።

የአርቢ ሕጎች

– ተመሳሳይ መሠረቶች ሲባዙ አርቢዎቹ ይደመራሉ፦ 10² × 10⁴ = 10⁶
– ሲካፈሉ አርቢዎቹ ይቀናነሳሉ፦ 10⁶ ÷ 10⁴ = 10²
– ርቢ እንደገና ሲረባ አርቢዎቹ ይባዛሉ፦ (10²)⁴ = 10⁸
– የብዜት ርቢ የርቢዎች ብዜት ነው፦ (2 × 5)³ = 2³ × 5³ = 8 × 125 = 1,000
– ከ0 በስተቀር የማንኛውም ቁጥር አርቢ 0 ሲሆን ውጤቱ 1 ነው፦ 10³ ÷ 10³ = 10⁰ = 1
– አሉታዊ አርቢ ማካፈልን ያመለክታል፦ 10⁻³ = 1 ÷ 10³ = 0.001
– አርቢው ½ ሲሆን ዳግም ዘር ማለት ነው። ½ + ½ = 1 ስለሆነ፣ የ9 አርቢ ½ የሆነበት ቁጥር በራሱ ሲባዛ 9 ይሰጣል፤ እሱም 3 ነው።

የ10 ርቢዎች የልኬት ልወጣን ያቀላሉ። 1 ሚሊ ሜትር 10⁻³ ሜትር፣ 1 ሄክታር 10⁴ ካሬ ሜትር ነው። ስለዚህ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ሄክታር ላይ 10⁻³ × 10⁴ = 10 ሜትር ኩብ ውኃ ያፈሳል። በቴፒ አካባቢ በዓመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ስለሚዘንብ አንድ ሄክታር ቡና በዓመት ከ1.5 × 10⁴ ሜትር ኩብ በላይ ውኃ ያገኛል።

የግዕዝ ቁጥሮችና የ100 ርቢዎች

የግዕዝ አኃዝ ለዜሮ ምልክት የለውም፤ ትላልቅ ቁጥሮችን የሚጽፈው በ100 ርቢዎች ነው። ፲ = 10፣ ፻ = 10²፣ ፼ (እልፍ) = 10⁴ ነው። ፻ የ፲ ዳግም ርቢ፣ ፼ ደግሞ የ፻ ዳግም ርቢ ነው። ስለዚህ አንድ ሄክታር አንድ እልፍ ካሬ ሜትር ሲሆን፣ ጎኑ የእልፍ ዳግም ዘር የሆነው ፻ ሜትር ነው። 2,500 የሚጻፈው ፳፭፻ ተብሎ፣ ማለትም 25 ጊዜ 100 ሆኖ ነው።

ይህ አጻጻፍ አኃዞችን ከቀኝ ጀምሮ ሁለት ሁለት አድርጎ ይከፍላል፤ ዳግም ዘር በእጅ ሲፈለግም የሚደረገው ይኸው ነው። 62,500 በግዕዝ ፮፼፳፭፻ ሲሆን ክፍሎቹ 6፣ 25 እና 00 ናቸው። ክፍሎቹ ሦስት ስለሆኑ የዳግም ዘሩ ሙሉ ክፍል ሦስት አኃዝ ይኖረዋል። የመጀመሪያው ክፍል 6 በ2² እና በ3² መካከል ስለሚገኝ መልሱ በ200 እና በ300 መካከል ነው፤ በእርግጥም √62,500 = 250 ነው።

በ2 ርቢዎች ማባዛት

በሒሳብ ታሪክ መጻሕፍት «የኢትዮጵያ ማባዛት» እየተባለ የሚጠራ፣ በሩሲያ ገበሬዎች ስምም የሚታወቅ ዘዴ አለ። የሚጠይቀው ማጠፍ፣ መግመስና መደመር ብቻ ነው። የቡና ንግድ መለኪያ የሆነው ፈረሱላ 17 ኪሎ ግራም ነው። 13 ፈረሱላ ስንት ኪሎ እንደሚሆን ለማወቅ 13 ቀሪው እየተተወ ይገመሳል፤ 17 ደግሞ ይታጠፋል።

13 — 17
6 — 34
3 — 68
1 — 136

በግራ በኩል ጎዶሎ ቁጥር ባለባቸው መስመሮች (13፣ 3 እና 1) የሚገኙት የቀኝ ቁጥሮች ይደመራሉ፦ 17 + 68 + 136 = 221 ኪሎ ግራም። ዘዴው የሚሠራው ማንኛውም ሙሉ ቁጥር የተለያዩ የ2 ርቢዎች ድምር ሆኖ ሊጻፍ ስለሚችል ነው፤ 13 = 2³ + 2² + 2⁰ = 8 + 4 + 1። ኮምፒውተርም ቁጥሮችን የሚይዘው በዚሁ መርሕ ነው።

አርቢና ተደራራቢ ወለድ

ወለድ በዋናው ላይ እየተጨመረ እንደገና ወለድ ሲወልድ ዕዳው የሚያድገው በአርቢ ነው። አንድ ገበሬ ቡናው ከመለቀሙ በፊት 1,000 ብር በወር 10 በመቶ አራጣ ተበደረ እንበል። ሳይከፍል አንድ ዓመት ቢቆይ ዕዳው 10 በመቶ በ12 ወር ተባዝቶ 2,200 ብር የሚሆን ሊመስል ይችላል። ወለዱ እየተደራረበ ከሆነ ግን በየወሩ ያለው ዕዳ በ1.1 ስለሚባዛ መጠኑ 1,000 × 1.1¹²፣ ማለትም ወደ 3,138 ብር ይደርሳል። በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ 1,000 × 1.1²⁴፣ ወደ 9,850 ብር ይሆናል። አርቢው እጥፍ ሲሆን ዕዳው እጥፍ አይሆንም፤ የአንዱ ዓመት ዕድገት 3.138 ራሱ ዳግም ይረባል።

የተለመዱ ስህተቶች

– 2³ን 2 × 3 = 6 ማለት። ትክክለኛው 2 × 2 × 2 = 8 ነው።
– √(9 + 16)ን √9 + √16 = 7 ማለት። ትክክለኛው √25 = 5 ነው። ዳግም ዘር በማባዛት ላይ ይከፋፈላል (√(9 × 16) = 3 × 4 = 12)፤ በመደመር ላይ ግን አይከፋፈልም።
– (3 + 4)²ን 3² + 4² = 25 ማለት። ትክክለኛው 7² = 49 ነው። የጎደለው 24 በሁለቱ ካሬዎች አጠገብ የሚቀሩት ሁለት 3 በ4 አራት ማዕዘኖች ስፋት ነው።
– −3²ንና (−3)²ን ማምታታት። የመጀመሪያው −9፣ ሁለተኛው 9 ነው።
– ዳግም ርቢ ሁልጊዜ ከቁጥሩ ይበልጣል ብሎ ማሰብ። በ0 እና በ1 መካከል ያለ ቁጥር ዳግም ርቢው ያንሳል፤ 0.5² = 0.25።
– ዳግም ዘርን ለ2 ማካፈል አድርጎ መውሰድ። √16 = 4 ነው እንጂ 8 አይደለም።

ታሪክ

ዳግም ዘርን የማስላት ዕውቀት ጥንታዊ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ1800 እስከ 1600 ባለው ጊዜ በባቢሎን የተቀረጸ አንድ የሸክላ ጽላት ላይ የ√2 ዋጋ እስከ አምስት የአሥርዮሽ ቤት ትክክል ሆኖ ተጽፏል። ከላይ የተገለጸው የመገመትና የማካፈል ዘዴ በአንደኛው መቶ ክፍለ ዘመን በእስክንድርያ በኖረው በሄሮን ስም ይጠራል። የ√ ምልክት መጀመሪያ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1525 በጀርመናዊው ክሪስቶፍ ሩዶልፍ መጽሐፍ ውስጥ ነው። አርቢን ከመሠረቱ በላይ በትንሽ ቁጥር የመጻፍ ልማድ የተስፋፋው ደግሞ ፈረንሳዊው ሬኔ ዴካርት እ.ኤ.አ. በ1637 ባሳተመው የጂኦሜትሪ ሥራው አማካኝነት ነው።